ልጆቼ በክረምቱ ሰው ቤት እየሠሩ ነው፤ ልከልክላቸው ወይስ ምን ልጠንቀቅ?

የጠያቂዋ እናት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። «የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የ16 ዓመት ሴት ልጅና የ15 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ጎረቤቶች ሥራ ያዝዟቸዋል። ሴቷ ሕፃን ትጠብቃለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ቤት ታጸዳለች። ወንዱ ውሃ ይቀዳል፣ ዕቃ ይሸከማል፤ ሰሞኑን ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ እንዲያጥብ ተጠይቋል። ለደብተርና ለዩኒፎርም የሚሆን ገንዘብ ማግኘታቸውን አልጠላሁትም፤ ነገር ግን ሰው ቤት ብቻቸውን ሲገቡ ልቤ አያርፍም። ልከልክላቸው ወይስ ምን ልጠንቀቅ?»

የተከበሩ እናት፣ በሕፃናት ጥበቃ ላይ ለረዥም ዓመታት የሠራሁ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነኝ፤ ጥያቄዎንም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ይከልክሏቸው አልልዎትም። በዚህ ዕድሜ በላባቸው ያገኙትን ገንዘብ ቆጥረው ደብተር የሚገዙ ልጆች ከሥራው የሚያተርፉት ገንዘቡን ብቻ አይደለም። የሮቶውን ሥራ ግን በፍጹም አይፍቀዱ፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ። ከሁሉ በፊት ማንሳት የምፈልገው በጥያቄዎ ውስጥ ያለችውን አንዲት ቃል ነው። «ጎረቤቶች ሥራ ያዝዟቸዋል» ብለው ጽፈዋል። እኔን ከሮቶውም በላይ ያሳሰበችኝ ይህች ቃል ናት። ሥራ ዋጋ፣ መጀመሪያና ማብቂያ ሰዓት፣ የሚሠራውና የማይሠራው ነገር ድንበር አለው፤ ትእዛዝ ግን ይህ ሁሉ የለውም። በእኛ አገር በሥርዓት ያደገ ልጅ የታላቅን ትእዛዝ እምቢ እንዳይል ተደርጎ ያደገ ነው። ባየኋቸው ጉዳዮች ውስጥ ልጆች የተጎዱት ብዙውን ጊዜ አደጋውን ስላላዩ ሳይሆን፣ እያዩት «ይቅርብኝ» ለማለት ይሉኝታ ስለያዛቸው ነበር።

በአንድ ወቅት ጣቱ በጋለ ድስት የተቃጠለ የ15 ዓመት ልጅ አነጋግሬ ነበር። የተጠራው ለድግስ ወንበር እንዲያመላልስ ነው። ወንበሩን እንደጨረሰ «ና እስቲ ይችን ድስት ያዝልኝ» ተባለ፤ ድስቱ የፈላ ዘይት ነበረበት፤ መያዣ ጨርቁ ደግሞ እርጥብ ነበር። ጨርቁ ሲያቃጥለው ድስቱን ለምን ወዲያው እንዳላስቀመጠ ስጠይቀው፣ «እትዬ እኮ ናቸው የሰጡኝ፣ እንዴት መሬት ላይ እጥለዋለሁ?» አለኝ። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ልጁን እንደ ራሳቸው ልጅ ነበር የሚያዩት። እንደ ልጅ ስላዩት ግን ለምን ሥራ እንደጠሩትና ለምን ሥራ እንዳልጠሩት የሚለየው ወሰን ጠፋባቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ የእርስዎ ድርሻ ነው። እምቢታውን ከልጆቹ ትከሻ ላይ አውርደው በራስዎ ትከሻ ላይ ያድርጉት። ማንኛውም አዲስ ቤት፣ ማንኛውም አዲስ ዓይነት ሥራ አስቀድሞ በእርስዎ በኩል እንዲያልፍ ለጎረቤቶችዎ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ቡና ላይ ተቀምጠው በጨዋ ቋንቋ ቢሉት ማንም አይቀየምም። ለልጆቹ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ሊያወጧት የምትችል አንዲት ዐረፍተ ነገር ያስጠኗቸው፦ «እማዬን ጠይቄ ልምጣ»። ይህች ቃል ታላቅን አታስቀይምም፣ ልጁን ከቤቱ ታስወጣዋለች፣ ውሳኔውንም ወደ እርስዎ ታመጣለች። ቤት ውስጥ ጮክ ብለው እንዲለማመዷት ያድርጉ። ሊያስቅ ይችላል፤ ነገር ግን ከአፉ ወጥታ የማታውቅ ቃል በጭንቅ ሰዓት እንደማትመጣ ከሥራዬ አይቻለሁ።

ሕጉን በተመለከተ ማወቅ የሚገባዎት ጥቂት ነገር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓላት እንዳይሠራ ይደነግጋል። ይሁንና በሰው ቤት ውስጥ የሚሰጥ፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ከዚህ አዋጅ ወሰን ውጭ ነው፤ ስለዚህ የልጆችዎን ሥራ የሚቆጣጠር ተቆጣጣሪ በር አንኳኩቶ አይመጣም። በአንጻሩ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ጉልበቱን ከሚበዘብዝ፣ እንዲሁም ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን ከሚጎዳ ሥራ የመጠበቅ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። እኔ ወላጆችን የምመክረው አዋጁ ለድርጅት ያስቀመጠውን ልክ በቤታቸው እንደ ራሳቸው ሕግ እንዲወስዱት ነው፤ እንዲያውም የምሽቱን ገደብ ጠበብ አድርገው ልጆቹ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ቤታቸው እንዲገቡ ቢያደርጉ ይሻላል፤ በክረምት ዝናቡና ጭጋጉ መንገዱን ቀድሞ ያጨልመዋልና።

አሁን ወደ ሮቶው ልመለስ። በሐምሌና በነሐሴ የቆርቆሮ ጣሪያ እርጥብ ነው፤ ከላዩ ላይ ሻጋታና ጭቃ አለ። ሮቶው የቆመበት ማማም ብዙ ጊዜ መወጣጫው ያረጀ፣ መደገፊያው የላላ ነው። ትልቅ ሰውም ቢሆን በገመድ ሳይታሰር ሊወጣበት አይገባም። ሁለተኛው አደጋ ከውስጥ ነው። ሮቶ በሚገባ እንዲታጠብ ሰው በጠባቡ አፍ ገብቶ በበረኪና ይፈትገዋል፤ አየር በማይገባበት በዚያ ጠባብ ቦታ የበረኪናው ትነት ሳንባን ያቃጥላል፣ ራስ ያዞራል፤ የዞረበት ልጅ ደግሞ ራሱን ችሎ በዚያ አፍ መውጣት አይችልም። በዚሁ ምክንያት የውሃ ጉድጓድ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድና የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ማጽዳት ለልጅ በማንኛውም ዋጋ የማይፈቀድ ሥራ ነው። በእንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ሊያንስ፣ መርዛም ጋዝ ሊጠራቀም ይችላል፤ ሰው በጥቂት ትንፋሽ ራሱን ይስታል፤ ሊያወጣው ተከትሎት የሚወርደውም አብሮት ይቀራል። ልጅዎ የወደቀ ሰው ቢያይ እንኳ መጮህና ወደ እሳትና አደጋ መከላከል በ939 መደወል እንጂ መውረድ እንደሌለበት አስቀድሞ ይወቅ።

ስለ በረኪና ትንሽ ልቆይ፤ ሴቷ ልጅዎ ቤት ታጸዳለች ብለዋልና። አንዲት በእሷ ዕድሜ ያለች ልጅ የነገረችኝን አልረሳውም። የታዘዘችው መታጠቢያ ቤት እንድታጸዳ ነው። ክፍሉ ሁለት እርምጃ የማይሞላ፣ መስኮቱም የመዳፍ ስፋት ያለው ነበር። መጸዳጃው ላይ በረኪና አፍስሳ ፈተገች፤ ቢጫው እድፍ አልለቅ አለ። የቤቱ እመቤት «ይችን ጨምሪበት» ብለው የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ በፕላስቲክ ጠርሙስ አቀበሏት። ገና እንደጨመረችው ጉሮሮዋን ያዛት፣ ዓይኗ አነባ፣ ሳሏን ማቆም አቃታት። የሚያሳዝነው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው፤ ክፍሉን ለቃ አልወጣችም። «ሥራው ሳያልቅ ብወጣ ሰነፍ ይሉኛል ብዬ» አለችኝ። አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና እስኪያልቅ ፈተገች። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለውን መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲደባለቅም ሌላ መርዛም ጋዝ ይፈጠራል። ስለዚህ በረኪና ከውሃ በስተቀር ከምንም ነገር ጋር አይደባለቅም፤ ስያሜ በሌለው ዕቃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ በተገለበጠ ማጽጃ ልጅዎ ምንም እንዳታጸዳ። ጓንት የሚሰጣት ካጣች ከቤት ይዛ ትሂድ። ሽታው ጉሮሮዋን የያዛት ዕለት ሁሉንም ጥላ ወደ ንጹሕ አየር ትውጣ፤ ሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ካልተዋት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትወሰድ። ዓይን ውስጥ የገባ እንደሆነ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብና ወደ ሐኪም ይኬዳል።

ሕፃን መጠበቅ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ እኔ ግን ከባዱ ነው እላለሁ። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ እንዲያወጡ እለምንዎታለሁ፦ ሕፃን የምትጠብቅ ልጅ በዚያው ሰዓት ሌላ ሥራ አትሠራም። «ልጁን እያየሽ በዚያውም ልብሱን እጠቢልኝ» የሚለው ልማድ አደገኛ ነው። በዳዴ የሚሄድ ሕፃን ልብስ በተዘፈዘፈበት ሳፋ ወይም በባልዲ ውሃ ውስጥ በጭንቅላቱ ተደፍቶ ሊሰጥም ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ያለ ድምፅ ነው፤ ጀርባ ዞሮ ልብስ ለማስጣት የሚበቃ ጊዜም ይበቃዋል። ቀጥሎ ከሰል አለ። በክረምት ብርድ ሕፃን ያለበት ክፍል ይሙቅ ተብሎ የከሰል ማንደጃ ይገባና በር ይዘጋል። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከተሰማ ክፍሉ ተመርዟል ማለት ነው። ልጅዎ መስኮት በሌለው ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል እንዳይነድ የመቃወም ፈቃድ ከእርስዎ ታግኝ፤ የሕፃኑ ወላጆች ካልተቀበሉ ያንን ቤት ትታ ትውጣ። ከመውጣታቸውም በፊት የእናትየውን ወይም የአባትየውን ስልክ፣ ሕፃኑ የማይስማማውን ምግብ፣ የሚመለሱበትንም ሰዓት ጽፋ ትያዝ። መድኃኒት ግን እሷ በእጇ አትስጥ።

ስለ ወንዱ ልጅ ውሃ መቅዳት፣ ማንሳት የምፈልገው ክብደቱን ነው። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ 20 ሊትር ውሃ ደግሞ 20 ኪሎ ነው። በፈረቃ የመጣ ውሃ እንዳያመልጥ ተብሎ በሁለት እጅ ሁለት ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ ደርሶ መመለስ በ15 ዓመት ልጅ ወገብ ላይ 40 ኪሎ መጫን ነው፤ ደረጃውም ውሃ ፈሶበት ያንሸራትታል። አንድ በአንድ ይያዝ፣ የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማም አያድርግ። ከዚህ ሌላ እጁ እንደረጠበ የኤሌክትሪክ ምጣድና ሶኬት እንዳይነካ፣ ከመሬት በላይ ካለ ፎቅ መስኮት ወጥቶ መስታወት እንዳያጸዳ ይንገሩት። ግቢ ውስጥ ውሻ ያለበት ቤት ከሆነ ውሻው ሳይታሰር አይግባ። የነከሰው እንደሆነ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም፣ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተወሰደ ያድናል። «የታወቀ ውሻ ነው» የሚለውን የባለቤቱን ቃል አይቀበሉ።

ልብዎን ያላሳረፈው ዋናው ጉዳይ፣ ልጆቹ ሰው ቤት ብቻቸውን መግባታቸው፣ በግልጽ መነገር አለበት። ልጆችን የሚደፍር ሰው ብዙ ጊዜ የማይታወቅ መንገደኛ ሳይሆን የሚታወቅ፣ የሚታመን፣ አንዳንዴም የሚከበር ሰው ነው። ይህንን የምለው ጎረቤቶችዎን እንዲጠረጥሩ አይደለም፤ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ደንብ ካለ ማንንም በስሙ መጠርጠር አያስፈልግም። ወደ አዲስ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ እርስዎ ወይም አባታቸው አብራችሁ ሂዱ፤ ቤቱን እዩ፣ ማን ማን እንደሚኖር ጠይቁ። ሥራውን የተዋዋለችው የቤቱ እመቤት ከሆነች፣ እሷ በሌለችበት ቀን ወንዶች ብቻ ካሉ ልጅዎ «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብላ ትመለስ። በሥራ ላይ ሳለች የውጭው በር ገርበብ ይበል፣ ስልኳም ቻርጅ ይኑረው። ለእናንተ ብቻ በሚገባችሁ አንድ ቃል ተስማሙ፤ ለምሳሌ ደውላ «እማዬ፣ ሽሮው ገና ነው?» ካለች ወዲያው ሄደው «ትፈለጋለች» ብለው ያምጧት፤ ምክንያቱን ቤት ደርሳ ትነግርዎታለች። ወንዱም ልጅ ከዚህ ጥቃት ነፃ አይደለም፤ ደንቡ ለሁለቱም አንድ ይሁን፤ ወንድ ልጆች ደግሞ ከኀፍረት የተነሣ የበለጠ ይደብቃሉ።

ከሁሉም በላይ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» የሚል ቃል የተጨመረበት ማንኛውም ስጦታ፣ ትርፍ ብር፣ የስልክ ካርድ ወይም ምስጋና ለልጅዎ የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደወል መሆኑን ያሳውቋት። በቴሌግራም ሥራ እናገናኛለን የሚሉ ደላሎችንም በዚሁ ዓይን ይዩዋቸው፦ አድራሻው ያልታወቀ ቤት፣ አስቀድሞ የሚጠየቅ ፎቶግራፍ ወይም የመመዝገቢያ ገንዘብ፣ የትምህርት ቤት መታወቂያ ለመያዣነት መጠየቅ፣ እነዚህ ሁሉ በሩን ለመዝጋት በቂ ምክንያቶች ናቸው። አስጠኚ ይፈለጋል ተብሎ ቢመጣም በእርስዎ ቤት ወይም የተማሪው እናት ባለችበት ሳሎን ይሁን እንጂ በመኝታ ክፍል አይሁን።

ክፍያንም የደኅንነት ጉዳይ አድርገው ይዩት። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላልና የልጅን ድካም በአንድ ሳህን ምሳ ማካካስ የተለመደ ነው። ዋጋው ከሥራው በፊት ይነገር፤ ክፍያውም በዚያው ዕለት ይፈጸም፤ ቢቻል በእርስዎ ቴሌብር ይግባ። እያደረ የተጠራቀመ ዕዳ ልጅን ሊሄድበት ወደማይፈልገው ቤት ደጋግሞ ይጎትተዋል፤ «ገንዘቤን ሳልቀበል እንዴት እተዋለሁ» ብለው መመለስ የማይገባቸው ቤት የተመለሱ ልጆች ገጥመውኛል። ዕቃ ጠፋ የሚል ክስም ይመጣል፤ በንጹሕ ልጅ ላይ የሚጥለው ጠባሳ ቀላል አይደለም። ቦርሳቸውን በሩ አጠገብ አስቀምጠው ይግቡ፣ ካልተላኩበት መኝታ ቤት አይግቡ፣ ልብስ ሲያጥቡ በኪስ ውስጥ ያገኙትን ብር ወይም ጌጥ ወዲያው ጠርተው ያስረክቡ፣ ሲወጡም የቤቱን ሰው «ይዩልኝ» ብለው ይሰናበቱ።

እግዚአብሔር አያድርገውና ጥቃት ቢደርስ፣ ልጅዎ ሲነግርዎ የመጀመሪያው ቃልዎ «ለምን ሄድሽ» እንዳይሆን። «አምኜሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ይበሏት። ገላዋን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውም ልብስ ሳይታጠብ፣ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት፣ ሐኪም ዘንድ ትድረስ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚጀመረው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የፖሊስ ሥራውን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ፖሊስ በ991 ይጠራል። በዚህ ጉዳይ ሽማግሌ አይቀበሉ። በሰፈር የተከበሩ ሰዎች «የልጅቷም ስም እንዳይጠፋ» ብለው ካሣ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ ልመናውም ከባድ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ18 ዓመት በታች ካለች ልጅ ጋር የሚፈጸም እንዲህ ያለ ድርጊት ወንጀል ነው፤ ተጎጂዋ የአድራጊው የቤት ሠራተኛ ወይም በአደራ የተሰጠችው ስትሆን ቅጣቱ ይከብዳል። በዕርቅ የተዘጋ በደል ለሌላ ልጅ በሩን ክፍት ይተዋል፤ ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምጽፈው።

ሮቶውን በተመለከተ መልሱን ልጁ ሳይሆን እርስዎ ዛሬውኑ ለጎረቤትዎ ይንገሯቸው፤ «ልጁ ጣሪያ እንዲወጣ አልፈቅድም፤ ታች ያለውን ዕቃ ቢያጥብልዎ ግን ደስ ይለኛል» ቢሏቸው ይበቃል። ማታ ደግሞ ልጆቹን በየተራ ብቻቸውን ያነጋግሯቸው፤ «ስንት አገኛችሁ?» ከማለትዎ በፊት «ዛሬ የገባችሁበት ቤት እንዴት ነበር? ያልወደዳችሁት ነገር ነበረ?» ብለው ይጠይቁ። አንደኛቸው ወደ አንድ ቤት ዳግመኛ መሄድ አልፈልግም ካሉ ምክንያቱን ባይነግሩዎትም እንኳ በዚያው ቀን ያስቁሙት፤ ምክንያቱ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል።